ፈረንጆቹስ የታሉ?

ብስክሌት መርካቶ ውስጥ ሸቀጥ ነው፤ ይሸጣል እንጂ አይነዳም። ቢነዳስ በየት በኩል? አይሱዙው መንገዱን ዘግቶ ጭነት ያራግፋል፣ ተሸካሚው ጭንቅላቱ ላይ ፍራሽ ቆልሎ «ዞር በል!» ይላል፣ የእጅ ጋሪው ተረከዝህን ከኋላ ይፈልጋል። እኔ ከአንዋር መስጊድ እስከ አውቶቡስ ተራ ብስክሌቴን ከነዳሁበት በትከሻዬ የተሸከምኩበት ጊዜ ይበልጣል። የብስክሌት መለዋወጫ የሚነግደው ጎረቤታችን «ጎሃ ጽዮን ድረስ እንነዳለን» ብሎ ያወጀ ቀን፣ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ስንጠጣ የነበርነው ሁሉ የሳቅነው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣበት ይገባኛል። ቱር ዳፍሪክ የሚባል ጉዞ አለ። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) የተጀመረ፣ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን የሚያልቅ፣ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረ፣ አራት ወር ገደማ ይፈጅ የነበረ ጉዞ። ፈረንጆቹ ከሱዳን በመተማ ይገቡና ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ እያሉ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዱና ድልድዩን ተሻግረው እስከ ጎሃ ጽዮን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይገፉ ነበር። ከወንዙ እስከ ከተማዋ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ጎረቤቴን ያስደነቀው ግን ከፍታው አይደለም። «ለዚህ እኮ ገንዘብ ይከፍላሉ!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግም ከረመ። ለስቃይ የሚከፍል ደንበኛ መርካቶ ገና አላገኘችም።

ፈረንጆቹ በብዛት ያድሩ የነበረው በድንኳን ነው። በየትንንሹ ከተማ ዳር ገመድ ይዘረጋና ድንበር ይደረጋል፤ ከገመዱ ወዲያ ደግሞ የከተማው ልጅና እረኛው ተደርድሮ ፈረንጅ ጥርሱን ሲቦርሽ ያይ ነበር። «ዩ! ዩ! ዩ!» የሚለው ብዙ ነበር፤ ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋም ነበር። ብስክሌተኞቹ ስለ አገራችን ሲጽፉ ዳገቱንና ድንጋዩን ሳያነሡ የሚያልፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ድንጋዩን አልደግፍም። ገመዱንም ግን አልወደድኩትም። ደጃፍህ ላይ አድሮ አንተኑ ከገመድ ወዲያ የሚያስቀር እንግዳ በየትኛው ደንብ ነው?

የእኛ ቡድን ሰባት ሰው ነበር። ከመካከላችን ደላላ ስላለ የማደሪያው ነገር ለእሱ ተሰጠ። እሱም ፍቼ ሳይደረስ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሆቴል ላላቸው ሴትዮ ስልክ ደወለ። ምን እንዳለ የሰማነው ኋላ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ጀመርነው። ዳገቱ ላይ ጎረቤታችን የብስክሌት ታሪክ ይተርክልናል፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ይዛ እንደነበር፣ የማይጨው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ። ታሪኩን የሚናገረው ቆሞ ነው፤ ካቴናው ወልቋል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ፈረስ ላይ ያለ የሰላሌ ጎረምሳ ከጎናችን እየሰገረ አንድ በአንድ ዓይን ዓይናችንን ሲያይ ቆየና፣ ሲሰለቸው ጥሎን ሄደ። ጫንጮ ላይ ወተት ጠጣን። ሙከጡሪን ስናልፍ የአንዱ ከለመዳሪያ ሁለቴ ፈንድቶ ማስቲሹ አልቆብናል፤ ደላላው ደግሞ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭኖ ጋቢና ውስጥ ገብቷል።

ከተማዋ መግቢያ ላይ ሕዝብ ቆሟል። ልጆቹ በሁለቱም ዳር ተሰልፈው «ዩ!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሲያዩን ዘጉት። አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ሳቁ መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ኦሮምኛ የሚሰማው ጓደኛችን «አልነግራችሁም» ብሎ ጆሮው ቀላ።

ባለ ሆቴሏ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆመዋል።

«ፈረንጆቹስ የታሉ?»

«የምን ፈረንጅ፣ እትዬ?»

«የካይሮዎቹ ናቸዋ!»

ሁላችንም ወደ ደላላው ዞርን። በስልክ ያለው «ከካይሮ ኬፕታውን እንደሚሄደው ያለ ጉዞ ነው፣ ሠላሳ ሰው እንሆናለን» ነው። ሠላሳው እንኳ የደላላ ሠላሳ ነው፤ መርካቶ ቢሆን ማንም ገና ሲሰማው በልቡ ወደ ሰባት ያወርደው ነበር። እትዬ ግን የሰው ቃል አምነው ሦስት በግ አሳርደዋል። ፈረንጅ በርበሬ አይችልም ብለው አንድ ጎላ ፓስታ ቀቅለዋል። በየክፍሉ ሶፍት አስቀምጠዋል።

ይባስ ብሎ ከሰባታችን ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። በጉ ለአራት ሰው ቀረ፤ ፓስታው ለሦስት።

ደላላው ክርክር ጀመረ። የመርካቶ ሰው ዋጋ ሲከብደው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ሻጩ ከኋላ ይጠራዋል፣ ገበያው እዚያ ላይ ይታረቃል። እሱም ፊቱን አዙሮ ሄደ። እትዬ አልጠሩትም። ጥግ ድረስ ሄዶ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ብስክሌቶቻችን በሙሉ ግቢ ገብተው በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል።

«ልጄ፣» አሉት ሲመለስ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው እንግዳ ላይ ብሎ ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በባዶ ሆዱ አልሰደውም። ከፋዩ እናንተ ናችሁ፤ አብሏቸው።»

እንግዳ ሆነን ሄደን አሳላፊ ሆንን። እኔ እንጀራ አዞርኩ፣ ጎረቤታችን ወጥ ጨለፈ፣ ሙስሊሞቹ ፓስታውን ለልጆቹ አካፈሉ። «ዩ» ሊሉን የነበሩት ልጆች ሹካውን ትተው በእጃቸው አጣጣሙት። አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ጉልበቴን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ለመሆኑ መኪናው ሞልቶባችሁ ነው?» አሉኝ።

«ለስፖርት ነው አባባ።»

«እሱስ ደግ። ሥራ ያጣችሁ መስሎኝ ነበር።»

ማታ ሒሳቡ መጣ። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ኪሳችን ያለውን ሁሉ አራግፈን አልሞላም። እትዬ ስድስት ብስክሌት ለቀቁልንና የደላላውን በመያዣ አስቀሩት። ጎሃ ጽዮን ያን ጊዜ ቀረ። ስድስቱን ብስክሌት አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስረን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

ደላላው ገንዘቡን አሟልቶ ብስክሌቱን ሊያስለቅቅ የሄደው ከሳምንታት በኋላ ነው። እትዬ በትሕትና ተቀበሉት፣ ቡና አፈሉለት፣ ብሩን ቆጥረው ጡታቸው ሥር ሸጎጡ። ብስክሌቱ ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ለከተማው ልጆች በዙር እየተከራየ ነው። ለካ ሦስቱን በግ ድሮ አስመልሷል። ደላላው «በሉ እንግዲህ ያምጡልኝ» ቢል፣ ሂሳብ ሰብሳቢ ሆኖ በሩ ላይ የተቀመጠው ልጃቸው ደብተሩን ገልጦ አየና፣ ከፊቱ አራት ልጆች ስላሉ ተራውን እንዲጠብቅ ነገረው።