ጢጥ እስክትል

የዛሬ ሹፌር አንገት የለውም ልበል? ወደ ኋላ ሲነዳ ዞሮ ማየት ድሮ ቀረ። እኔ ከኋላ ቆሜ «ና! ና! በቃ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ሲደርቅ፣ እሱ እቴ! ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ጢጥ እስክትልለት ይጠብቃል።

ድሮ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከጅማ ተነስቶ በደሌን አልፎ እኛ መቱ እስኪደርስ፣ ረዳቱ በየዳገቱ እየዘለለ ወርዶ ታኮ ይዞ ከጎማው ጋር ይሮጥ ነበር። አሁን መኪናዋ ዳገት ላይ ራሷን ትይዛለች አሉኝ። መልካም። ጭቃ ውስጥ ስትቀረቀርስ ወርዳ ትገፋለች?

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ባሰ፤ አዲስ የሚገባው ሁሉ ኤሌክትሪክና ባለካሜራ ሆነ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ መስመር ስስት መሪውን ራሷ ትመልስልኛለች» ይለኛል። የትኛውን መስመር? ከመቱ ጎሬ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ እንኳን የመንገድ ቀለም የገዛ ኮፈንህም አይታይህ። ካሜራዋን ጭቃ ሲለጥፋት ደግሞ «አልሠራም» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ታርፋለች። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ራሱ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ፣ እጁን ከመሪ እንዳያነሳ ያስጠነቅቃል። ማን ያነባል!

ፍሬኑስ? ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ እየያዘ ይለቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ሐሰት አልናገርም፣ ነፍስ ያድናል። የላላ ጠጠር ላይ ግን የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ከምሮ ይቆማል፤ በኤቢኤስ የሚሽከረከረው ያን ክምር ስለማያገኝ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ከፊት የሰው ላም ካለች ዕዳው የማን ነው? ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው «ኮምፒውተሩ ያውቃል» አለኝ። ኮምፒውተሩ ወደ ሶር ፏፏቴ የሚወስደውን ኮረኮንች መቼ ነድቶት ያውቃል?

ባለፈው ከጎሬ የገዛሁትን ማር ጋቢና ወንበር ላይ ባስቀምጠው መኪናዋ ሰው መሰላት፤ ቀበቶ ይታሰር ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው። የኛ ጎበዝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሩን አውርዶ ሽማግሌውን ማስቀመጥ ሲገባው፣ ማሩን በቀበቶ ጥፍር አድርጎ አሰረው። እኔ ከኋላ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ተጫንኩ። ቀበቶዬን ግን አላሰርኩም። መቱ እስክንገባ ጢጥ ያለልኝ የለም።