ባለ አራት መስመሩ ጫማ

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ስኒከር አድርጎ ቢሮ የገባ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው «ስንት ገዛኸው?» ሁለተኛው «ኦርጅናል ነው?» ለመጀመሪያው ምንም ዋጋ ቢጠራ «ተበልተሃል!» መባሉ አይቀርም። ለሁለተኛው መልስ የሚጠብቅ የለም፤ ጠያቂው ራሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ምላስ ገልጦ ይመረምራል። «ተመቸህ ወይ?» የሚል ግን አይገኝም። ጫማ እግር ላይ የሚደረግ ዕቃ መሆኑ በዚህ ከተማ ከተረሳ ቆይቷል።

የዚህ ወግ ባለጉዳይ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ከወንበሩ ጋር የተዛመደ፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ስብሰባ የሚገባ ሰው ነው። ሐኪም ግፊቱን ለክቶ ራሱን ነቀነቀና «በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ ሲለምዱት ሶምሶማ ይጨምሩበት» አለው። ቤቱ ያለው ጫማ ሦስት ነው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለለቅሶ፣ ሦስተኛው ሸበጥ። ከሦስቱ ብዙ መንገድ የለመደው የለቅሶው ነበር፤ እሱም ቢሆን ሶሉ ቆዳ ነው።

በዚህ አገር ስለ ሩጫ ጫማ ማማረር ደግሞ ያሳፍራል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2:15:16 ከጨረሰ ወዲህ «ጫማ የለኝም» ብሎ ከስፖርት የቀረ ሰው ሰበቡ አይሰማለትም። ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች ግን አንዲት ነገር ይዘላሉ። አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚባል ነገር አጥቶ አይደለም፤ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩ ላይ አልመች ስላለው ነው። ሞከረ፣ አልተስማማውም፣ ተወው። በአገራችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ዝና ያተረፈ የጫማ ግምገማ የለም። በቀጣዩ ዓመት ኦሳካ ላይ የዛሬው አሲክስ መሥራች ኦኒትሱካ ራሱ ሄዶ ለምኖ ጫማ አስደረገው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በፑማ ጫማ ሮጦ በ2:12:11 አሸነፈ። ነገሩ ከሁለቱ በአንዱ መማል አይደለም፤ ሰውየው የሚለካው በእግሩ ነበር።

ሌላው ጫፍ ላይ ትዕግሥት አሰፋ አለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግሩ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ዋጋው 500 ዶላር። አምራቹም ሳያፍር ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማለማመጃ የተሠራ መሆኑን ተናግሮ ነው የሸጠው። የሒሳብ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ እጁ ሳያዘው ካልኩሌተሩን አነሣ። አምስት መቶ ዶላር ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር ወደ 12 ዶላር ይመጣል። ሜትር ታክሲ እንኳ በዝናብ ቀን እንዲህ አይደፍርም።

ለእሱ ዓይነቱ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ውስጡ ካርቦን ያለው፣ ወደ ፊት የሚወረውር ጫማ ጥቅሙ የሚታየው በፍጥነት ሲሮጡበት ነው። ከቤት እስከ ታክሲ ተራ፣ ከታክሲ ተራ እስከ ቢሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ሶምሶማ፣ እሑድ ልጅ ይዞ ሽርሽር፤ ለዚህ የሚሆነው ኢቪኤ በሚባለው ተራ ስፖንጅ የተሠራ ጫማ ነው። ኢቪኤ በውስጡ እልፍ የአየር አረፋ ያለበት ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ አረፋው ቀስ በቀስ ይደፈጠጥና አንድ ቀን ጫማው ከላይ አዲስ መስሎ ከታች ጣውላ ይሆናል። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሱቅ ሲሄድ ሰዓቱን መርጦ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲወጣ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ማነቆ ነው። ሻጩ ሃያ ዓመት ያልዘለለ፣ ዓይኑ ከደጅ የገዢ ኪስ የሚያነብ ልጅ ነው።

«ግቡ ፋዘር! ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ይሄ የኦርጅናል ኮፒ፣ ይሄኛው ደግሞ የኮፒ ኦርጅናል።»

«የመጨረሻው ምን ማለት ነው?»

«ኮፒ ነው፤ ግን የራሱ የኮፒው ኦርጅናል። ቬትናም ነው!»

ቬትናም የምትለዋ ቃል በጫማ ሱቅ የመሐላ ያህል ናት። መሠረት የላትም ማለት አይቻልም፤ ናይኪ ከሚያስመርተው ጫማ ግማሽ ያህሉ እውነትም ቬትናም ነው የሚሠራው። ልጁ ቬትናም ብሎ የዘረጋው ጫማ ግን ጎኑ ላይ አራት መስመር አለው። የታወቀው ድርጅት ምልክት ሦስት መሆኑን ደንበኛው ሲያስታውሰው ልጁ ቅንጣት አልደነገጠም። «አንዱን ምርቃት ያዙት» አለ።

ምርቃቱ ቀልድ ይመስላል እንጂ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። አዲዳስ ቶም ብራውን የተባለውን ዲዛይነር አራት መስመር ስለተጠቀመ ከስሶት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ፍርዱ ለዲዛይነሩ ሆኗል። የኛው ባለ አራት መስመር ለክርክሩ የሚጠራ አይመስልም፤ አድራሻውም የሚገኝ አይደለም።

እንግዲህ ምርመራው እዚህ ላይ ተጀመረ። ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ ደንበኛው ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ጨመቀው፤ እንደ ካርቶን አልታጠፈም፣ እንደ ድንጋይም አልገተረም። ቀጥሎ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዞ አጠፈው። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው እግር የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከጣቶቹ ሥር ነው፤ መሐል ወገቡ ላይ የሚሰበር ከሆነ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ስፌቱን ዳሰሰ፤ ጣት ያልወደደውን ቋጠሮ ካልሲ አይወደውም። ገበሩን አውጥቶ መሬት አነጠፈና ቆመበት፤ እግሩ በጎን ካልተረፈ ስፋቱ ልክ ነው። በመጨረሻም ገልብጦ ሶሉን በጥፍሩ ተጫነው። ብዙ ርካሽ ጫማ ከሥሩ ጎማ የለውም፤ ስፖንጁ ራሱ መሬት ይነካል፣ ቶሎ ይበላል፣ እርጥብ ሰድር ላይ ያንሸራትታል። ይሄኛው ተረከዙና አፍንጫው ላይ ጎማ ተለጥፎበታል፤ መሐሉ ባዶ ስፖንጅ ነው። በርካሽ ደረጃ ይህ መጥፎ አይደለም።

«ፋዘር፣ ጫማ ነው ወይስ በግ የሚገዙት?» አለ ልጁ።

ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በአውሮፓው አቆጣጠር በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አምራቾች ደግሞ ያችኑም በየራሳቸው መንገድ ይቆርጧታል። በአንዱ 42 የሆነ እግር በሌላው 43 ቢሆን እግሩ አላደገም። ምላሱ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈች ቁጥር ካለች ከሁሉም የምትታመነው እሷ ናት። ደንበኛው ሁለቱንም እግር አድርጎ ቆመ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን ተጭኖ አረጋገጠ። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ተረከዙ አልወለቀም። ሦስት ሺህ አምስት መቶ የተጠራው በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ተቋጨ፤ ልጁ «ኪሳራ ነው የሸጥኩልዎት» ብሎ እየሣቀ ብሩን ቆጠረ።

ወደ ቤት ሲሄድ አንዲት ጥያቄ ቀረችው፤ ክብደቱ። ሰፈር ካለው አትክልት ቤት ጎራ ብሎ አንዱን እግር ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 310 ግራም። ባለሱቋ ከቲማቲሙ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ኪሎውን በስንት ነው የሚያስረክቡን?» አለችው። ከትዕግሥት ጫማ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል ማለት ነው፤ ለቢሮ ሰው ግን ከጫማው የሚቀነሰው ግራም ከቦርጩ ከሚቀነሰው ጋር ሲወዳደር ወሬ አይሆንም።

ዋጋና ምቾት ዝምድናቸው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሞከሩ ሰዎች አሉ። ስኮትላንድ ውስጥ የዳንዲ ተመራማሪዎች የሦስት አምራቾችን የሩጫ ጫማ በሦስት የዋጋ እርከን አወዳድረው ነበር፤ ከ40 እስከ 45፣ ከ60 እስከ 65 እና ከ70 እስከ 75 ፓውንድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ውጤታቸው ርካሹ ጫማ የእግር መዳፍን ጫና በማለዘብ ከውዱ እንደማያንስ፣ እንዲያውም አንዳንዴ እንደሚሻል፣ ምቾትም ከዋጋ ጋር እንደማይሄድ ያሳያል። የኛው ሰው ይህን ቢሮ ውስጥ ቢያነብላቸው ደስ ይለው ነበር። ግን ነገሩን እንዳለ እንናገር፤ እዚያ የተፈተነው የታወቀ ድርጅት ርካሽ ጫማ ነው። የኮፒ ኦርጅናል አልገባበትም። የታወቀ ስም ያለው የመጨረሻ ርካሽ ሞዴልና የስም ኮፒው በተቀራራቢ ዋጋ ከቀረቡ፣ የዚህ ወግ ጸሐፊ ሳያመነታ የመጀመሪያውን ያነሣል።

በአዲስ አበባ ጫማ ተገዛ የሚባለው ሊስትሮው ካየው በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሊስትሮ ጫማውን ተቀብሎ አጣጠፈው፣ በሶሉና በላዩ መካከል ያለውን መስመር በጥፍሩ ፈለቀቅ አደረገ፣ አሸተተውም። «ማስቲሹ ደህና ነው፤ ግን ሳይሰፋ እንዳያደርጉት» አለ። አንድም ቀን ሳይረገጥ የሚሰፋ አዲስ ጫማ ለእንግዳ ሰው ይገርመው ይሆናል፤ እዚህ ግን ወግ ነው። ልጁ ወስፌውን ስፖንጁ ውስጥ እየሰደደ፣ በሰም የተለወሰውን ክር በሁለት እጁ እየሳበ ዙሪያውን ሰፋው። ክሩ ነጭ ነበር፤ ጫማው ጥቁር። «ሌላ ክር የለህም?» ቢለው «ዲዛይን ይሆናል ጋሼ» አለ። ስፌቱ ሶሉ እንዳይገነጠል ያደርጋል፤ በየቀዳዳው ደግሞ ውኃ ያስገባል። ክረምት ላይ አንዱን መምረጥ ነው።

ከዚያ ሜዳ ላይ ወጣ። በአዲሱ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ላይ ጫማው ልዑል ነው፤ ድምፅ የለው፣ ቅሬታ የለው። ኮብልስቶን ላይ ግን ስፖንጁ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳብቃል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በስሙ ይታወቃል። ላዩ መረብ ስለሆነ ያናፍሳል፤ አቧራም እንደዚያው ይነፍስበታል፤ ነጭ ካልሲ ማታ ላይ ነጭ አይደለም። ከሁሉም የከፋው የሶሉ ቦይ ነው። ጠጠር ይይዛል። ሰውየው ጠዋት ጠጠሩን ይዞ ሲገባ ኮሪደሩ ሰድር ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ባለ ታኮ ጫማ መጣች ብሎ ሁሉም ስልኩን ይደብቃል። አሁን የመሥሪያ ቤቱ እስክሪብቶ ዋና ሥራ ጠጠር መፈንቀል ሆኗል።

መስቀል አደባባይ የሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እዚያ የሚሮጡት ልጆች ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከታች እስከ ላይ እየተጠማዘዙ ያካልሉታል። ጫማቸው ሲታይ ግን ተረከዙ የተበላ፣ ላዩ በክር የተያያዘ፣ አንዳንዱም ትንሿን ጣት በመስኮት የሚያሳይ ነው። አዲስ ጫማ ያደረገው እሱ ነው፤ ቁና ቁና የሚተነፍሰውም እሱ። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳንባ ከጫማ በፊት ይናገራል። አንዱ ልጅ በአጠገቡ ሲያልፍ «አይዞዎት ፋዘር!» አለው፤ ዞሮ ሲመለስ እንደገና አለው፤ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ቀስ ብሎ ወደ ማኪያቶው አቀና።

ስለ አስተጣጠቡም መናገር ያስፈልጋል። ባለቤቱ ከጭቃ በኋላ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ባለበት ውኃ ዘፍዝፋ ጣራ ላይ ልታሰጣ ስትል ደርሶ አስጣላት። ኢቪኤ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ይኮማተራል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ «ለእኔ ጫማ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን መድኃኒት የለውም።

የሒሳብ ሠራተኛው ወጪውን መዝግቧል። ጫማው 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድለት እንኳ በኪሎ ሜትር አራት ብር አይሞላም፤ የሊስትሮውን ጨምሮ። በዚህ ስሌት የተማረከ አንድ የሥራ ባልደረባው ያንኑ ጫማ ሊገዛ ያንኑ ሱቅ ሄደ። 42 አልቋል፤ የቀረው 39 እና 45 ነው። ልጁ 45ቱን አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና «ይሄን በሁለት ካልሲ ይያዙት ፋዘር፤ ቬትናም ሲታጠብ ይገባል» አለው።