በዚህ ፑንታ?

የግቢ በራችን ማጠፊያ መጮህ ከጀመረ ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ። አጎቴ ጡረታ በወጡ ማግስት «ለዚች ማጠፊያ ሠራተኛ ልጥራ እንዴ?» ብለው ትራፓኖ ገዙ። ትራፓኖ ያለ ሞርሳ ምን ይሠራል? ሞርሳ ተገዛ። ሞርሳም አየር ላይ አይታሰርም፤ የምግብ ጠረጴዛችን ወደ ሰርቪስ ቤት ተሰደደ።

ከዚያ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ያገለገለ ቶርኖ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ለካ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ 380 ቮልት ይጠይቃል። የቤታችን መስመር አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት። ይህ ሌላ ሰው ዘንድ ችግር ይባላል፤ አጎቴ ዘንድ ግን «ሞተር መቀየር» የሚባል አዲስ ግዢ ነው። 0.02 ሚሊሜትር የሚለይ ካሊፐርም አላቸው፤ ቁጥሩን የሚያነቡበት መነጽር ነው የጠፋው።

ወርክሾፑ እስካሁን ያመረተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሞርሳ እጀታ። የድሮው እጀታ የተሰበረው ቶርኖው ሲገባ ነበር።

እኔ አንዴ «ማጠፊያው ጠብታ ዘይት ቢደረግበትስ?» ብዬ ሦስት ቀን ተኮረፍኩ። ትናንት ደግሞ ሚስታቸው «በሩስ?» ቢሏቸው፣ አጎቴ የትራፓኖውን ጫፍ እያዩ ራሳቸውን በሐዘን ነቅንቀው «በዚህ ፑንታ?» አሉ።