አፈሙዙን አጥቦ እጁን የረሳ ሰው

ቆጣቢ ተኳሽን የሚያህል አባካኝ አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጡን ይዞ ዒላማ መምታት የለመደ ሰው፣ መዳብ የለበሰው ጥይት ሲወደድበት አንድ ብልሃት ብልጭ ይልለታል፤ ራቁቱን የሆነ የእርሳስ ጥይት ርካሽ ነው። ሲብስበት ደግሞ ራሱ ያቀልጣል። ጎሚስታው ከጎማ ላይ ነቅሎ የጣለውን የባላንስ እርሳስ በባልዲ ለምኖ ይወስዳል፣ ጋራዡ ውስጥ ምድጃ ይጥዳል፣ ከ327 ዲግሪ በላይ እርሳሱ ውሃ ሲሆን በቅርጽ ማውጫው ያፈሳል፣ ቅባት ይቀባል። በአንድ ጥይት ጥቂት ሳንቲም አተረፈ። ሒሳቡንም ለሚስቱ በኩራት ያስረዳል።

ከዚያ ተኩስ ቦታ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች መሐሉን ያገኛሉ። ጥቂት ካዝና እንዳራገፈ ግን ጥይቱ እንደ ተበተነ ሽምብራ ወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሽጉጡን ፈትቶ አፈሙዙን ወደ መብራት አቅንቶ ቢያይ፣ ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፎ ያብረቀርቃል። ያተረፈው ሳንቲም መመለስ የሚጀምረው ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው ሆፕስ ቁጥር 9 ነው። ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካዊ ተኳሽ ቤት የማይጠፋ፣ ሽታውን እንደ ሽቶ የሚወዱለት ፈሳሽ ነው። የባሩድ ጥላሸት ያነሳል፤ ለተለጠፈ እርሳስ ግን እምብዛም አይረዳም። ሰውየው ይህን ሲረዳ ፊቱን ወደ ማድ ቤት ያዞራል። የድስት መፈግፈጊያውን የመዳብ ሽቦ ቆርጦ፣ ባረጀ ብሩሽ ላይ ጠምጥሞ አፈሙዙ ውስጥ ይሰድዳል። እውነት ለመናገር ይህ ይሠራል፤ እርሳሱ በስስ ቅርፊት እየተላጠ ይወጣል። ችግሩ ገበያው ላይ ነው፤ መዳብ መስሎ ውስጡ ብረት የሆነ ሽቦ ሞልቷል፣ ብረቱ ደግሞ አፈሙዝ ይፍቃል። ስለዚህ ትልቅ ሰው፣ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ ሱፐርማርኬት የዕቃ ማጠቢያ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ መፈግፈጊያ በመፈግፈጊያ ሲፈትን ይታያል። ይኸው ሰው ለድስት መፈግፈጊያ ግዛ ቢባል ቤቱ ድረስ ረስቶት የሚመጣ ነው።

መፈግፈግ የሰለቸው ወደ ኬሚስትሪ ይዞራል። የአፈሙዙን አንድ ጫፍ ወትፎ ኮምጣጤና ቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እኩል እኩል ይሞላበታል። አረፋ ይነሳል፣ ደቂቃ ሳይቆይ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ እርሳሱ የለም። ሰውየው ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። እርሳሱ ግን የትም አልሄደም፤ የእርሳስ አሲቴት ሆኗል። የእርሳስ ስኳር የሚሉት፣ ጣፋጭ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሰውነትም በቀላሉ የሚቀበለው መርዝ ነው። ያንን አንስቶ ማድ ቤቱ ሲንክ ላይ ይደፋዋል። ድብልቁን አፈሙዙ ውስጥ ጥቂት ካስቆየው ደግሞ የሽጉጡን ጥቁር ቀለም ይልጠዋል፣ ብረቱንም ይበላዋል። የድሮዎቹ ባዝቃ ይጨምሩ ነበርና ከእነሱ ይሻላል ብለን እንለፈው።

ሌላም ወገን አለ፦ «ሁለት መዳብ የለበሰ ጥይት ተኩስበት፣ ጠርጎት ይወጣል» የሚል። አንዳንዱን ይጠርጋል፣ የቀረውን ግን ተጭኖ ያስተኛዋል። እርሳስ ባጠበበው አፈሙዝ መተኮስ ግፊት መጨመሩን ማን ያስታውሰዋል? የግሎክ ፋብሪካ ራቁት የእርሳስ ጥይት በሽጉጦቹ አትተኩሱ ይላል። የተጻፈው መመሪያው ላይ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ፣ ሳይከፈት።

በዚህ ሁሉ መሐል ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ እርሳሱ ለምን ተለጠፈ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ ጥይቱ ለአፈሙዙ ቀጥኗል። ከኋላው የሚገፋው ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ያቀልጥና ግድግዳው ላይ ይቀባዋል። ተኳሹ «እርሳሴ ለስልሶ ነው» ብሎ ጠንካራውን ይገዛል፤ ጠንካራው ደግሞ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለማይሞላ ይብሳል። መድኃኒቱ ጥይት አልባ በሆነው ሽጉጥ አፈሙዝ ውስጥ ለስላሳ እርሳስ ገፍቶ ማሳለፍና በማይክሮሜትር መለካት፣ ከዚያም ከዚህ ልክ አንድ ሺህኛ ኢንች ያህል የሚወፍር ጥይት መጠቀም ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ግን መለካት ላብ የለውም፤ ላብ የሌለው ሥራ ደግሞ ለወንድ ልጅ ሥራ አይመስለውም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1935 እ.ኤ.አ. .357 ማግነም ሽጉጥን ሲያወጣ፣ በፋብሪካ የተሠራው ለስላሳ የእርሳስ ጥይት አፈሙዝ ላይ እየተለጠፈ ስሙ ከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዩ ግራ፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ፣ እርሳሱን ወረቀት ጠቅልሎ ይተኩስ ነበር። ወረቀቱ እርሳሱን ከብረቱ ይለየዋል።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ይህ ጣጣ ቢያስመርረው አገር ቤት ያሉ የቀድሞ ወታደር አጎቱ ጋ ደወለ። «ጋሼ፣ እናንተ እርሳሱን ከአፈሙዝ በምን ነበር የምታወጡት?» «የምን እርሳስ ነው ልጄ? እኛ የምናውቀው ዝገት ነው። በጨርቅ ወልውለህ ዘይት ትቀባለህ፣ አለቀ።» ልጁ ሁሉንም ዘርዝሮ ነገራቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ጥይቱን ራቁቱን ተኩስ ያለህ ማነው?» አሉት። የሽማግሌው ማካሮቭም ክላሽም መዳብ ወይም ብረት ከለበሰ ጥይት ሌላ አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ተጠግታችሁ እዩልኝ። እርሳስ የጠጣ ጨርቅ ክምር አለ፣ የተላጠ ቅርፊት አለ፣ ከዚያ አጠገብ የቡና ስኒ፣ ከስኒው አጠገብ የተገመጠ ሳንድዊች። ሰውየው አፈሙዙ ውስጥ የቀረች ቅንጣት እንዳታመልጠው በባትሪ ይፈልጋል፣ በዚያው ጣቱ ዳቦውን ያነሳል። ሲጨርስ በለበሰው ሸሚዝ ሕፃን ልጁን ያቅፋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሕፃናት ደም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ትኩረት የሚሻበትን መጠን በ2021 እ.ኤ.አ. በዴሲሊትር ወደ 3.5 ማይክሮግራም አውርዶታል፤ ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። ጥይቱ መዳብ ቢለብስም አያመልጥም፣ የአብዛኛው ጥይት መለኮሻ ራሱ የእርሳስ ውህድ አለበት። እርሳስ የተለጠፈበት አፈሙዝ ተፈግፍጎ ይጸዳል። ለልጅ አእምሮ ግን የመዳብ መፈግፈጊያ አልተሠራም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አፈሙዙ ይቆይህ። መጀመሪያ ያንን ስኒ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንሳልኝ፣ እጅህንም በሳሙና ታጠብ።