ቡና በጥርስ፣ መኪና በወሬ

የጅማ ነጋዴ ጀንፈል ሲገዛ እዩት። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይነካም፤ አፉ ላይ ያለው መቼም ጥሩ ነው። እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ከሥር ይዘግናል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ያሸታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ነክሶ "ገና አልደረቀም" ይላል። ሻጩ ቢምል ቢገዘት ወይ ፍንክች!

ይኸው ሰው ባለ ሰባት መቀመጫ የናፍታ መኪና ሊገዛ ሲመጣ ግን ጥርሱን ቤቱ አስቀምጦ ነው የሚመጣው።

ከጥቅምት ጀምሮ ገበሬው ቡና ይለቅማል፣ ከጥር ወዲያ ደላላው ነጋዴ ይለቅማል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራ የገባው ገንዘብ ያን ሰሞን ጅማ ላይ ጎማ ያወጣል። ተፈላጊዋ ያችው የታወቀችው ፕራዶ ናት፤ በፈረንጆቹ ከ1996 እስከ 2002 የተሠራችው፣ ባለ 3 ሊትር ናፍታዋ። ዕድሜዋ ከአንዳንድ ገዢዎቿ ይበልጣል፤ ዋጋዋ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ የቀረችው አሮጊት እንደ ርስት ትቆጠራለች። አንድ የጎማ ሰው (ወረዳውን ማለቴ ነው) "ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "መብራት ሲጠፋ አንተ ልትገፋልኝ ነው?" ብሎ አፌን ዘጋኝ።

በቀደም አንድ የማከብራቸው ሐጂ "ና እስቲ፣ አብረን እንያት" ብለውኝ አጂፕ አካባቢ ሄድን። ስንደርስ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀን። የናፍታ ሞተር ጉዱ የሚወጣው በጠዋት ብርድ ሲነሳ ነው፤ ያኔ ነው የሚያስለው፣ ያኔ ነው ጭሱን የሚተፋው። ደላላው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። "ሐጂ፣ እርስዎ ቆመው እንዳይጠብቁ ብዬ ነው ያስነሳኋት" አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ቀጥሎ ውዳሴው መጣ። "ፕሮጀክት ላይ ፈረንጅ ነው የነዳት። ከሱ አንድ ዶክተር ወሰዳት፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ።" በዚህ አገር የሚሸጥ አሮጌ መኪና ሁሉ ወይ ፈረንጅ ወይ ዶክተር የነዳው ነው፤ እኛ የነዳናቸው የት እንደገቡ እንጃ። ኪሎ ሜትሩ 148 ሺህ ይላል። ጎንበስ ብዬ የፍሬኑን ፔዳል አየሁት። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ እንደ ጥምቀት ጽናጽል ያበራል። ድሮ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱ ይገለጥ ነበር፤ የመኪና ጥርሷ ፔዳሏ ነው። አገሩ ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ አባ ጅፋር እንኳ አባ ጅፋር የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ሐጂም በዚህ አያያዛቸው አባ ፕራዶ መባላቸው አይቀርም።

መካኒኩን ያመጣነው እኛ ነን፤ ሰላምታው የረዘመው ግን ከደላላው ጋር ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይቱን ክዳን አንስቶ መዳፉን ደፈነበት፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ ጥቂት አዳመጠ። "ሞተሯ አልተከፈተም" ሲል ፈረደ። በቴስታታው ዙሪያ አዲስ ቀይ ሲሊኮን እንደ ከንፈር ቀለም ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። የዚህች ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከፈላ መሰንጠቅ ያውቃል። "ጊቤ ወርደን ዳገቱን እናስወጣት" ብል ሁሉም እንደ እብድ አዩኝ። ፈረንጅ አራዳን አንድ ዙር በአስፋልት ዞርን፤ ፈተናውን አለፈች።

ሐጂን የገዛቸው ግን የኋለኛው ወንበር ነው። ወደ ጎን የተሰቀሉትን ሁለቱን ወንበሮች አወረዱና "እስቲ ግባ" አሉኝ። ገባሁ። ጉልበቴ ጆሮዬ ዘንድ ደረሰ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ሲመርርህ ትነሳለህ። "ሰባት ሰው ልክክ!" አለ ደላላው። የለቅሶ ቀን 14 እንደምትጭን ሁላችንም እናውቃለን።

እዚያው ተኮራምቼ አንድ ነገር ሸተተኝ። "ሐጂ፣ ናፍታ ይሸታል።"

"የናፍታ መኪና ምን እንዲሸት ነው የፈለግኸው፣ ዕጣን?" አለ ደላላው። ተሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዋጋው ተቆረጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሊብሬው እጅ ለወጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐጂ የቡና ናሙናቸውን ከኋለኛው ወንበር ጭነው አዲስ አበባ ወጡ። ሲነግሩኝ፣ ቀማሹ በማንኪያው ፉት አለ፣ ተፋ። ሁለተኛውን ፉት አለ፣ ተፋ። ሲኒውን ገፋ አደረገና "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ናፍታ ናፍታ ይላል" አለ። ሐጂ ማንንም የሚያምኑ ሰው አይደሉም፤ ከከረጢቱ ሥር ዘግነው አሸተቱ፣ አንዷን ፍሬ ነከሷት።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ለደላላው መስሎኝ ነበር፣ ለእኔ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ያን ቀን የሸተተህ በቀኙ ወንበር ነበር በግራው?"