ድንጋይ ዝቅ የማድረግ ሥርዓት

በእንግሊዝ አገር ቤት ግቢ ውስጥ መኪና ለማቆም በቅድሚያ ከበሩ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ድንጋይ (ከርብ ስቶን) ዝቅ ማለት አለበት። ድንጋዩ ከአስፋልቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሲወርድ 2.5 ገደማ ይቀረዋል። ከስንዝር ላነሰችው ለዚህች ልዩነት እ.ኤ.አ. የ1980ው የአውራ መንገዶች ሕግ አንቀጽ 184 ተመድቦላታል።

ፈቃድ ለማግኘት ለካውንስሉ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ክፍያ ይከፍላል፤ እምቢ መባልም በነፃ አይገኝም። ከዚያ ግቢው በሜትር ይለካል። ብዙ ካውንስሎች ከቤቱ ግድግዳ እስከ እግረኛ መንገዱ 4.8 ሜትር ያህል ይሻሉ። 4.7 ያለው ሰው የክብሪት ቀፎ የምታክል መኪና ቢይዝም አይጠቅመውም፤ የሚለካው ግቢው እንጂ መኪናዋ አይደለችም።

የተፈቀደለት ሰው ሥራውን በራሱ ገንዘብ፣ በካውንስሉ ወይም ካውንስሉ በተቀበለው ተቋራጭ ያሠራል። ዝቅ ያለው ድንጋይ ግን እንደ ወትሮው የሕዝብ ነው፤ ከፋዩ በላዩ ያልፍበታል።

ውጤቱም አመርቂ ነው፦ ግቢ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሲገኝ፣ ደጅ ላይ ለማንም ክፍት የነበረው አንዱ ይጠፋል። ቦታ የጠበበው ጎረቤትም በማግስቱ ማመልከቻ ያስገባል።