የነብሮ ዓውደ ዓመት

ድሬ ዳዋ ውስጥ ውሻ አይወደድም የሚል ካለ ሳቢያን ይምጣና ጎረቤቴን ይይ። ጋሼ ውሻቸውን «ነብሮ» ያሉት ሌባ ስሙን ሰምቶ ብቻ መንገዱን እንዲቀይር ነው። ነብሮ ዓመቱን ሙሉ በሁለት ክንድ ሰንሰለት የቆርቆሮው በር ሥር ታስሮ ግቢ ይጠብቃል። በዓል ሲደርስ ጋሼ ይክሱታል። ያ ካሳ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከፋሲካ ልጀምር። ጋሼ ሁዳዴን 55 ቀን ሲጾሙ ነብሮም አብሮ ይጾማል፤ ማንም አላማከረውም። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለቤተሰቡ ተልባ ይበጠበጣል፣ ቅባት የረሳ ሆድ እንዳይደነግጥ። ለነብሮ ሆድ የሚበጠበጥ ተልባ የለም። እሱ የሚፈስከው በዶሮ አጥንት ነው፣ ከነቁሌቱ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ወስፌ ይሾላል፤ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የእኛ ዶሮ ወጥ ምንድን ነው? ዶሮ የገባበት ሽንኩርት! ነብሮ በማግሥቱ ሲያስመልስ የተገኘ እንደሆነ ምርመራው አጭር ነው፦ «ጥጋብ!»

ወደ በጉ እንለፍ። ሲበለት ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ተገኘ እንበል። ጋሼ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ይሄማ ለሰው አይሆንም» ይሉና ቆርጠው ወደ በሩ ይወረውሩታል። ነብሮ ከአየር ላይ ይቀልበዋል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ያ ከረጢት የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ነብሮ አንጀት ውስጥ ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ እዚያው አፈር ላይ ብይ የሚጫወቱት ልጆች በጣታቸው ወደ አፋቸው ያደርሱታል። ከዚያ ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፣ ሳይቸኩል፣ ዓመታት ወስዶ። ነብሮ ራሱ ብዙም አይታመምበትም። የተሰጠውን ለሰጪው ይመልሳል፤ ታማኝ የተባለውስ ለዚህ አይደል? አንዲት ጉድጓድ ቆፍሮ ከረጢቱን መቅበር ይበቃ ነበር። ግን በዓውደ ዓመት ዶማ ማን ይይዛል!

ይህ የክርስቲያኑ ሰፈር ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በአረፋም እርዱ ባለበት አጥር ሁሉ ሥር ውሻና ድመት ተሰልፎ የሚጣልለትን ይጠብቃል፤ የሚጣለውም ያው ነው። ድሬ በዚህም አልተለያየችም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የርችት ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ 20 ሺህ ንዝረት ድረስ ይሰማል፤ የውሻ ጆሮ እስከ 45 ሺህ ገደማ ይዘልቃል። እኛን ያስደነገጠ ድምፅ እሱን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ የፈለጉ የሰፈሩ ልጆች ዘንድሮ ሙከራውን በተግባር አካሄዱ፤ ርችቱን ለኩሰው ነብሮ እግር ሥር ጣሉት። ነብሮ ሰንሰለቱ እስከሚያደርሰው ሮጠ፤ ሰንሰለቱ አንገቱን ይዞ መለሰው። እንደገና ሮጠ፣ እንደገና መለሰው። በመጨረሻ በሩ አጠገብ የቆመች ባጃጅ ሥር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀው። «አቦ! ነብሮ ፈራ!» ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን አፈሩ። ያፈሩት በልጆቹ አይደለም፣ በውሻው ነው። «ሌባ ቢመጣ ምን ሊሆነኝ ነው?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው። እኔም አብሬ አዘንኩ። ለነገሩ ያን ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ ክብሩም ክብራቸውም ይተርፍ ነበር።

ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ቤተሰቡ በደንገጎ ዳገት አድርጎ ወደ ቁልቢ ሲወጣ ነብሮ ለሁለት ቀን የግቢው እንደራሴ ሆኖ ይሾማል። አንድ ጣሳ ውሃ ተቀምጦለታል፤ ጠዋቱኑ ሰንሰለቱ ጠልፎ ይደፋዋል። የድሬ ፀሐይ ታኅሣሥ ነው ብላ አታዝንም። እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮው በር እንደ ምጣድ ይግላል፤ ለነብሮ የተሰጠችው ጥላ ከበሩ ጀርባ ያለችው ነች። መጀመሪያ ጮኸ። ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሰለለ፣ ቀጥሎም ጠፋ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ በጎማ ውሃ ለቀቅኩለት። ምላሱን ዘርግቶ የሚጠጣው ከጎማው ነው፣ ከአየሩ ነው፣ ከገዛ እግሩ ላይ ነው፣ ለማወቅ አልቻልኩም።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፣ ስለታቸው ሰምሮ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ወንድሜ፣ ነብሮ ሲጮህ ነበር አይደል?»

«ጮኋል፣ ጋሼ።»

«አየህ! ሥራውን እየሠራ ነበር!»

ከቁልቢ በጀሪካን ጠበል ይዘው መጥተዋል። ቤቱን ረጩ፣ ልጆቹን ረጩ፣ ባጃጇን ረጩ። ትንሽ ሲተርፍ እሱንም አልረሱትም፤ በሩ ድረስ ሄደው አናቱ ላይ አርከፈከፉለት። ነብሮ መሬት የወረደውን ላሰው።